ተረኛው ይፍረድ

የእዣ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው አገናም ሆነ በወልቂጤ፣ በቡታጅራም ሆነ በሌላ የአገራችን ከተማ «ፕሌይስቴሽን ቤት» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ ወይም ሁለት ቴሌቪዥን፣ ገመዱ በፕላስተር የተጠገነ ጆይስቲክ፣ ግድግዳውን የተደገፈ አግዳሚ ወንበር። የሚጫወቱት ሁለት ናቸው። አግዳሚው ላይ የተደረደሩት ግን አምስትም ስድስትም ይሆናሉ፤ እነሱ ተረኞች ናቸው። ስለ ጌም በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ ስለ ተጫዋቹ ብዙ ይነበባል፤ ስለ ፈጣሪዎቹ፣ ስለ ኩባንያዎቹ፣ ስለ ማሽኖቹም እንዲሁ። ተረኛውን የሚያነሣው የለም። ከድሮዎቹ የቴሌቪዥን ጌሞች ዛሬም ሊጫወቷቸው የሚገባቸው የትኞቹ ናቸው ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ የተሻለው ዳኛ ግን ይኸው ሰው ነው፤ ወረፋውን እየጠበቀ የሌላውን ጨዋታ የሚያየው ተረኛ።

ጥያቄው ራሱ አዲስ አይደለም። በውጭው ዓለም «ክላሲክ» የሚባሉትን ጌሞች መርጦ መመዝገብ ከመጽሔቶች አልፎ የሙዚየሞች ሥራ ከሆነ ቆይቷል። የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2012 ፓክማንንና ቴትሪስን ጨምሮ 14 ጌሞችን ስብስቡ ውስጥ አስገብቷል (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እዚያው ኒውዮርክ ግዛት፣ ሮቸስተር ከተማ ያለው ስትሮንግ ሙዚየም ደግሞ ከ2015 ጀምሮ በየዓመቱ የተመረጡ ጌሞችን በክብር መዝገብ ያሰፍራል፤ በመጀመሪያው ዓመት ከገቡት ስድስቱ መካከል ፖንግ፣ ፓክማን፣ ቴትሪስና ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ይገኙበታል። የሃያሲያንን ነጥብ እየደመረ አማካዩን በሚያወጣው ሜታክሪቲክ ዘንድ ከ100 99 አግኝቶ ከአናት የተቀመጠው የኒንቴንዶ የ1998 ሥራ፣ «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ፦ ኦካሪና ኦፍ ታይም» ነው። መመዘኛዎቹ የታወቁ ናቸው። ከኋላው የመጡትን ምን ያህል ለወጠ? ታሪኩ ምን ያህል ይይዛል? ሥዕሉና ሙዚቃውስ? መጥፎ መመዘኛዎች አይደሉም። ሳይናገሩት የሚያስቡት አንድ ተጫዋች ግን አለ፤ የራሱ ማሽን፣ የራሱ ቴሌቪዥን፣ የራሱ ሶፋና የራሱ ሌሊት ያለው ሰው፤ መብራት የማይጠፋበት፣ እንግሊዝኛ ሳይቸገር የሚያነብ፣ ለአንድ ታሪክ አርባ ሰዓት የሚሰጥ። አግዳሚው ላይ የተቀመጠው የአገና ልጅ ይህ ሰው አይደለም። ሰውየው ለራሱ ያወጣውን ዝርዝር እንዳለ ተቀብለን ለልጁ ብንሰጠው፣ በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ካፖርት እንደማልበስ ነው።

እኛ ዘንድ ጨዋታ ከጥንትም ያለ ተመልካች ሆኖ አያውቅም። ገበጣን እንውሰድ። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» ላይ ስለ ገበጣና ስለ ዘመዶቹ ባወጣው ሰፊ ጥናት እንዳሳየው፣ ጨዋታው በአንድ ስም ይጠራ እንጂ ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። ጉድጓዱ ሁለት ረድፍ የሚሆንበት አለ፣ ሦስት የሚሆንበት አለ፤ ጠጠሩ ከየት ተነሥቶ በየት ይዞራል የሚለውም እንዲሁ ነው። ሁለት ሰዎች ገበጣ ላይ ቢያጎነብሱ ዙሪያቸውን የከበቡት ዝም ብለው አይቆሙም። ይቆጥራሉ፣ ይመክራሉ፣ «ከዚያኛው ብታነሣ ኖሮ» እያሉ ይቆጫሉ። ከረንቡላ ሲመጣ ጠረጴዛውን የከበበው ይኸው ሰው ነው። ጆተኒ መንገድ ዳር ሲቆም ልጆች የከበቡት በዚሁ ሥርዓት ነው፤ ያሸነፈ ይቀጥላል፣ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሣል፣ ተረኛው ይገባል። ፕሌይስቴሽን ቤት የተከፈተው በዚህ መስመር ላይ ነው። የገባው የጃፓን ማሽን ነው እንጂ አግዳሚው፣ ወረፋውና ሒሳቡ የጆተኒ ናቸው።

ስለዚህ መለኪያዬ ይህ ነው። አንድ የድሮ ጌም ዛሬም ሊጫወቱት ይገባል የምንለው፣ ጆይስቲኩን ያልያዘው ሰው እያየው ሳይሰለቸው ሲቀር ነው። ተረኛው ማንም ሳያስረዳው በስክሪኑ ላይ የሚሆነው ከገባው፣ ተጫዋቹ ያላየውን ስሕተት እሱ ቀድሞ ካየ፣ ተራውም ሳይመሽ ከደረሰው ጌሙ ያልፋል። ይህን የማያሟላ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ ለዚያች ክፍል ግን አይሆንም። መለኪያው ከኑሮ እጥረት የመጣ፣ የድሃ መለኪያ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ሃያሲያኑ በገጽ ብዛት የሚፈልጉትን ነገር በአጭሩ የሚያገኝ ይመስለኛል፤ ለተመልካች የሚገባ ጌም ሕጉ የጠራ፣ ፍርዱ የማያሻማ፣ ሥራው ከላይ እስከ ታች የታየ ጌም ነውና።

ለዚህ የሚመሰክረው የጌም የራሱ ታሪክ ነው። ንግዱ ያደገው ሳሎን ውስጥ ሳይሆን ሳንቲም እየጎረሰ በሚሠራ ማሽን ነው። አታሪ በ1972 ፖንግን የሞከረው ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለ አንድ መጠጥ ቤት ነበር። እንዲህ ላለው ማሽን ባለቤት ትርፍ የሚገኘው ተራው ቶሎ ቶሎ ሲዞር ነው፤ ሰው በአንድ ሳንቲም ቀኑን ሙሉ ከዋለበት ከሰረ። ከዚህ የተነሣ የዚያ ዘመን ጌም ሠሪዎች ለሌላ ዘውግ የማይታሰብ ጥበብ ተማሩ፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚገባ፣ የሚያስጨንቅና የሚያልቅ ነገር መሥራት። «ሦስት ነፍስ» የሚባለው ሕግም በዚያ ገበያ የዳበረ ነው፤ ነፍስ ማለት የተራ ልክ ነው። በቤት ማሽን ላይ የወጡት የ1980ዎቹ ጌሞች ሳንቲም ባይጠይቁም ይህን ልማድ ይዘው ገቡ። የአገና ፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤትና የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት ጌም ቢፈልጉ የሚገርም አይደለም።

ሱፐር ማሪዮን በዚህ ዓይን ተመልከቱት። የኒንቴንዶዎቹ ሺገሩ ሚያሞቶና ታካሺ ቴዙካ በ1985 ሲያወጡት ጌሙ በጠቅላላ 40 ኪሎባይት ነበር፤ ዛሬ በስልክ የምንላላከው አንድ ፎቶግራፍ እንኳ ከዚያ ይበልጣል። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ሰማይ ላይ ያለው ደመናና መሬት ላይ ያለው ቁጥቋጦ አንድ ሥዕል ናቸው፤ ቀለማቸው ብቻ ተለውጧል። ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠው ግን በቁጠባው ሳይሆን በአስተማሪነቱ ነው። ጌሙ ሲጀምር ማሪዮ በስተግራ ቆሟል፣ በስተቀኝ ያለው ሜዳ ባዶ ነው፤ ወዴት መሄድ እንዳለበት አንድ ቃል ሳይጻፍ ታውቋል። ትንሽ እንደሄደ አንድ ፍጡር ወደ እሱ ይመጣል። ያልዘለለ ይሞታል፤ የሞተ በሚቀጥለው ይዘላል። አግዳሚው ላይ ያለው ልጅ ይህን ሁሉ ተምሮ የሚጨርሰው ተራው ሳይደርስ ነው። ሁለት ሆነው ሲጫወቱት ደግሞ አንዱ ሲሞት ተራው የሁለተኛው ይሆናል፤ ሞት ራሱ ወረፋ ያስከብራል። ኮናሚ የተባለው ኩባንያ በ1988 ለኒንቴንዶ ማሽን ያወጣው ኮንትራ ይህን ትቶ ሁለቱን ጎን ለጎን ያሰልፋቸዋል። ፏፏቴውን ወደ ላይ ሲወጡ ስክሪኑ ከፊተኛው ጋር ስለሚሄድ ወደ ኋላ የቀረው ይሞታል፤ ወንድማማቾችን ያጣላው እዚያ ቦታ ነው። ከመጀመሩ በፊት ቁልፎቹን በተወሰነ ቅደም ተከተል ለጫነ ሦስቱ ነፍስ ሠላሳ ይሆንለታል። ያ ቅደም ተከተል በአፍ እየተላለፈ ዓለምን የዞረ፣ የጌም ተረትና ምሳሌ ነው ማለት ይቻላል።

ቴትሪስ ብቻውን ለሚጫወት ሰው የተሠራ ስለሆነ በዚህ መለኪያ የሚወድቅ ይመስላል። አይወድቅም። አሌክሲ ፓዢትኖቭ በ1984 ሞስኮ ውስጥ፣ በሶቪየት የሳይንስ አካዳሚ የኮምፒውተር ማዕከል ሲሠራው የነበረችው ማሽን ሥዕል ማውጣት ስለማትችል ጡቦቹን የሠራቸው በቅንፍ ምልክቶች ነበር። አሥር ወርድ፣ ሃያ ቁመት፣ ሰባት ዓይነት ቅርጽ፤ ከዚህ ሌላ ምንም የለውም። ኒንቴንዶ በ1989 ባወጣው ጌም ቦይ አማካይነት የዓለም ሆነ። እሱን ለመጫወት ማንበብ አያስፈልግም፤ ስለዚህ ጉራግኛ ለሚናገረውም፣ አማርኛ ለሚናገረውም፣ ራሽያኛ ለሚናገረውም እኩል ነው። አግዳሚው ላይ ላለው ደግሞ ስቃይ ነው፣ ጣፋጭ ስቃይ። ረጅሟ ዱላ የምትገባበትን ቀዳዳ ሁሉም ያያል፤ ተጫዋቹ ብቻ በፍጥነት ስለተያዘ አያየውም። «እዚያ ጋ!» ብለው ሲጮኹ ጡቡ አርፏል። ቴትሪስን የሚጫወተው አንድ ሰው ነው፤ የሚሸነፈው ግን ክፍሉ በሙሉ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፤ ኳስ። ሶኒ ፕሌይስቴሽን 2ን በ2000 አወጣ፤ ማምረት ያቆመው ከ12 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እስከዚያው ከ155 ሚሊዮን በላይ ማሽኖች ተሸጠዋል፤ በዚያን ጊዜ ከቤት ጌም ማሽኖች ይህን ያህል የተሸጠ አልነበረም። የኮናሚ የኳስ ጌም በ1995 «ዊኒንግ ኢለቨን» ተብሎ ጃፓን ውስጥ ተጀመረ፤ ከ2001 ወዲህ በአውሮፓ «ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር» ተባለ፣ በአጭሩ ፔስ። ተፎካካሪው ፊፋ በ1993 የተጀመረ ነው። በወረቀት ላይ ፊፋ ሁሉንም ነገር ነበረው፤ የሊጎቹን ስም፣ ማሊያውን፣ አርማውን። ኮናሚ ፈቃዱ ስላልነበረው ሊቨርፑልን «መርሲሳይድ ሬድ» ብሎ ለመጥራት ተገድዷል። ታዲያ በስሙ እንኳ የማይጠራ ቡድን ያለበት ጌም በስሙ የሚጠራውን ለዓመታት የበለጠው ለምንድን ነው?

መልሱ ያለው ኳሷ ላይ ነው። በዚያ ዘመን ፔስ ውስጥ ኳሷ ከተጫዋቹ እግር ጋር የተሰፋች አልነበረችም፤ የራሷ ክብደት፣ የራሷ ነጠር ማለት፣ የራሷ ስሕተት ነበራት። ተጫዋቾቹም እንደ ቁጥራቸው ሳይሆን እንደ ሰውነታቸው ይለያዩ ነበር። የፔስ 6ቱ አጥቂ አድሪያኖ፣ የሽፋኑም ፊት እሱ ነበር፣ ከሠላሳ ሜትር በግራ እግሩ ሲመታ አግዳሚው ኳሷ መረብ ሳትነካ ነው የሚነሣው። ተረኛው አድሪያኖን ለማወቅ ስሙን ማንበብ አያስፈልገውም፤ ከሩጫው ያውቀዋል። ለዚህ ነው የፈቃድ እጦቱ ያልጎዳው። የኳስን ሕግ ለአግዳሚው ማስተማር አያስፈልግም፣ እሁድ ሜዳ ላይ ያየው ነው፤ ከጌሙ የሚጠበቅበት ያንን እውቀት አለመካድ ብቻ ነበር፣ ፔስም አልካደውም። ተጨማሪ አንድ ነገር አለ፤ የጨዋታውን ርዝመት ባለቤቱ ይወስናል፤ አምስት ደቂቃ ወይም አሥር። ይህች በሜኑ ውስጥ ያለች ትንሽ መስመር፣ ያቺን ክፍል በንግድነት ያቆመቻት እሷ ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከፔስ የትኛው? እዚህ ላይ ወዳጆቹ ራሳቸው ይከፋፈላሉ። የ2005ቱ ፔስ 5 ለኳስ አዋቂው ይመቻል የሚሉ አሉ፤ ቀስ ያለ፣ ማሰብ የሚጠይቅ ነው። ነገር ግን ዳኛው ፊሽካ አያወርድም፤ ትንሽ በተነካኩ ቁጥር ጨዋታው ይቆማል። በ2006 የመጣው ፔስ 6 ዳኛውን አለዘበው፣ ጨዋታውም ፈሰሰ። ብቻውን ለሚጫወት ሰው ልዩነቱ የጣዕም ጉዳይ ነው። ለተረኛው ግን በየደቂቃው የሚቆም ጨዋታ ማለት የሚዘገይ ተራ ማለት ነው፤ ስለዚህ እኔ ፔስ 6 እላለሁ። በዓለም ዙሪያ ያሉ ወዳጆቹም እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ የተጫዋቾችን ዝውውር በራሳቸው እጅ እያደሱለት ቆይተዋል፤ ኩባንያው የተወውን ጌም ሕዝቡ አልተወውም።

ከኳስ ወደ ድብድብ ጌም እንለፍ። ቴከን 3 በ1998 ፕሌይስቴሽን ላይ ሲወጣ አንድ ዓመት በሳንቲም ማሽን ተፈትኖ ነበር፤ ያስታውቃል። አንድ ዙር አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። እዚህ ያለው ታላቅ ክርክር ስለ ኤዲ ጎርዶ ነው፤ የብራዚልን ካፖኤራ እየጨፈረ የሚዋጋው ሰውዬ። ጆይስቲክ በሕይወቱ ይዞ የማያውቅ ሰው የርግጫ ቁልፎቹን እንዳገኘ ቢጫን ኤዲ እየተሽከረከረ ለወራት የተለማመደውን ይጥላል። ይህ ጉድለት ነው? በፍትሕ ዓይን አዎ። ግን ጌሙን የያዘው ማኅበረሰብ መፍትሔውን ራሱ ያበጃል፦ «ኤዲ አይመረጥም»። በኳሱም እንዲሁ፤ አንድ ዓይነት ቡድን ሁለቱም አይይዙም፣ ጎል አፍ ላይ ሲደረስ ፖዝ ማድረግ ነውር ነው። እነዚህ ሕጎች ሲዲው ላይ የሉም፤ ከቤት ቤትም ይለያያሉ። ፓንክረስት የገበጣን ሕጎች ከየአገሩ ሲሰበስብ ያገኘው ይህንኑ ነበር። አንድ ጨዋታ ሥር ሰደደ የሚባለው፣ በእኔ አስተያየት፣ ሰዎች የራሳቸውን ሕግ መጨመር ሲጀምሩ ነው።

አሁን ተቃውሞዎቹን እንስማ፤ የመጀመሪያው ከባድ ነው። በዚህ መለኪያ ኦካሪና ኦፍ ታይም ሊወድቅ ነው፤ በ1997 በሦስት ሲዲ የወጣው ፋይናል ፋንታሲ 7ም ይወድቃል፤ አንድ ብቸኛ ሰው ግዙፍ ፍጡራንን እያደነ ባዶ ምድር የሚያቋርጥበት የ2005ቱ ሻዶው ኦፍ ዘ ኮሎሰስም አያልፍም። የጌምን ጥበብ ከፍ ያደረጉት ሥራዎች የሚወድቁበት መለኪያ ምን መለኪያ ነው? ይባላል። መልሴ እነዚህ ጌሞች መጻሕፍት ናቸው የሚል ነው። መጽሐፍ ከስድስት ሰው ጋር አግዳሚ ላይ አይነበብም፤ ያ ግን የመጽሐፉ ጥፋት አይደለም። የራሱ ማሽንና ጸጥ ያለ ሌሊት ያለው፣ እንግሊዝኛውን የሚያነብ ሰው ካለ ይጫወታቸው፤ በተለይ የመጨረሻውን፣ ቃሉ ጥቂት ነውና። እኔ የምቃወመው እነሱን ከአናት አስቀምጦ ቴከንንና ፔስን «ለጊዜ ማሳለፊያ» ብሎ ከታች መደርደርን ነው። ያ ደረጃ የጌሞቹን ጥራት አይነግረንም፤ የሚነግረን ብቻውን የሚጫወተው ሰው ብዙ እንደሚጽፍ፣ ተረኛው ግን እንደማይጽፍ ነው።

ሳን አንድሪያስ ግን መለኪያዬን ይፈታተናል። በ2004 የወጣው ይህ የግራንድ ቴፍት አውቶ ክፍል የአንድ ሰው ጌም ነው፤ ታሪኩ ረጅም ነው፤ እንግሊዝኛው የሎስ አንጀለስ ሰፈር ቋንቋ ነው። ሆኖም አግዳሚው ይወደዋል። ምክንያቱ ታሪኩ አይመስለኝም፤ ተመልካቹ የሚጠብቀው ተጫዋቹ ታሪኩን ትቶ ከተማው ውስጥ ሲቅበዘበዝ ነው። ሞተር ብስክሌት ይዞ ተራራ ላይ ሲወጣ፣ ፖሊስ ሲያሳድደው፣ ከአውሮፕላን ሲዘል። «ወደዚያ ሂድ እስቲ» የሚለው ትእዛዝ ከአግዳሚው ነው የሚመጣው፤ ተጫዋቹ የሕዝብ ሹፌር ሆኗል። ስለዚህ በማየት በኩል ያልፋል፣ በተራ በኩል ይወድቃል፤ የሚከፈለውም በጨዋታ ሳይሆን በሰዓት ነው። ይህ ጌም የተሠራው ለአዋቂ ነው፤ ጥይቱም ስድቡም ለአሥር ዓመት ልጅ የታሰበ አይደለም። አግዳሚው ላይ ደግሞ የአሥር ዓመት ልጅ አይጠፋም። ለአዋቂ ብቻ በሆነ ቤት ቢሆን ኖሮ ፍርዴ በላላ።

ይህ ሁሉ የልጅነት ናፍቆት ነው የሚሉም አሉ፤ ሰው በአሥራ ሁለት ዓመቱ የተጫወተውን እስኪሞት ያወድሳል። እውነት አለው። ነገር ግን ናፍቆት ሊያስረዳው የማይችል አንድ ማስረጃ አለ። በ2023 ታኅሣሥ ወር አንድ የ13 ዓመት አሜሪካዊ ልጅ የ1989ኙን የኒንቴንዶ ቴትሪስ 157ኛ ደረጃ አድርሶ ጌሙ ራሱ ደንዝዞ እስኪቆም ድረስ ተጫውቷል፤ ከእሱ በፊት እዚያ የደረሰ ሰው አልነበረም። ያ ልጅ ሲወለድ ጌሙ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የሚናፍቀው ነገር የለውም። አዲሱ ሁሌ ይሻላል ለሚሉት ደግሞ ኮናሚ ራሱ መልስ ሰጥቷቸዋል። በ2021 የፔስን ስም ቀይሮ «ኢፉትቦል» ሲያወጣ የተጫዋቾቹ ፊትና እንቅስቃሴ መሳቂያ ሆነ፤ በዋናው የኮምፒውተር ጌም መደብር ላይ በተጠቃሚዎች እጅግ ከተነቀፉት ተርታ ገባ። ፊፋም በ2023 ስሙን አጥቷል። አዲሶቹ ኢንተርኔት ይፈልጋሉ፣ እየታደሱ በዳታ ላይ ዳታ ይበላሉ፤ ኩባንያው ሰርቨሩን ሲዘጋ አብሮ የሚዘጋ ክፍልም አላቸው። ፔስ 6 አንድ ዲስክ ነው፤ ማሽኑ ዲስኩን እስካነበበ ድረስ ይሠራል።

ወላጆችም የሚሉት አላቸው፤ ጥያቄው የትኛው ጌም የሚል ሳይሆን ልጁ ለምን ትምህርት ቤት አልሄደም የሚል ነው። ትክክል ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ ከቁጥጥር የወጣ የጌም ልማድን እንደ ሕመም አስፍሯል። በውርርድ የሚጫወቱበት፣ በትምህርት ሰዓት በሩን የሚከፍት ቤትም ይኖራል፤ ያንን የሚያርመው የሰፈሩ ሰውና ሕጉ እንጂ የሲዲ ምርጫ አይደለም። አንድ ነገር ግን ከክርክሬ ጋር ይያያዛል። ተራ ያለው ጌም ማብቂያ አለው፤ አሥር ደቂቃው ሲሞላ ከጀርባ «ተነሣ» የሚል ሰው አለ። ማብቂያ የሌላቸው፣ ልጁን በየቀኑ ተመለስ እያሉ በስልክ የሚጠሩት ጌሞች «ተነሣ» የሚል ተረኛ የላቸውም።

ስለ ቅጂ መብትም ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። በከተሞቻችን የተሠራጩት ሲዲዎች በአብዛኛው ኮፒ ናቸው፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ደግሞ የፈጠራን ባለቤት መብት ይጠብቃል። ድርጊቱን አላጸድቅም። ከዚህ ግን አንድ መረጃ ይገኛል፦ ማንም ማስታወቂያ ሳይሠራበት፣ ወኪል ሳይኖረው፣ ደጋግሞ የተገለበጠው ሰው ገንዘብ እያወጣ የጠየቀው ብቻ ነው። የኛ የክላሲኮች ዝርዝር በሙዚየም አልተጻፈም፤ በሻጭ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ነው የተጻፈው። የአሜሪካው የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት እዚያ አገር ከወጡት የድሮ ጌሞች 87 በመቶው በገበያ ላይ አይገኙም ይላል፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው ሊሸጡልን ያልፈለጉትን ነው እንግዲህ የምንከራከርበት። የኛ የራሳችን ጌምስ? ለሚል፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቅኔ ጌምስ ከገበሬ የምታመልጠውን ዶሮ «ኩኩሉ»ን ሠርቷል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። እነሱንም በዚሁ መለኪያ እመዝናለሁ፤ አገር በቀል ስለሆኑ ብቻ አላሳልፋቸውም። ገበጣ ግን ከጥንትም የሁለት ሰው ጨዋታ ነው።

የሚያሳስበኝ ይኸው ስልክ ነው። የድሮ ማሽኖችን ሥራ የሚሠሩ አፕሊኬሽኖች ቴከንንም ፔስንም ወደ ኪስ አስገብተዋል፤ ፕሌይስቴሽን 2 ሲበላሽ መለዋወጫው እየጠፋ ነው። ቴትሪስ ይህን ይችለዋል። ቴከን 3 ግን በአንድ ስልክ፣ በአንድ ሰው፣ ከማሽን ጋር ሲጫወቱት ምን እንደሚጎድለው ለማወቅ አንድ ሰዓት ይበቃል፤ ኤዲን ብትመርጥ የሚቆጣህ የለም። ለመስቀል ከመርካቶ ወደ እዣ የሚገባው ወጣት እነዚህን ሁሉ ጌሞች በስልኩ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ስልኩን ከቴሌቪዥን ጋር ማገናኘትም ሆነ ጆይስቲክ መግጠም ዛሬ ከባድ አይደለም። ከሥጋው፣ ከቅቤውና ለዘመድ ከተገዛው ልብስ መካከል ሻንጣው ውስጥ ቦታ ፈልጎ ሁለተኛ ጆይስቲክ የሚጨምረው ለየትኛው ጌም እንደሆነ መገመት ይቻላል። ለኦካሪና አይደለም።